ወይ ድንጋዩ ይበላል፣ ወይ ጅቡ ይበላል

አንድ ጊዜ፣ ከአፈሩ ጨው በሚበዛበት፣ ዛፉም ከጥላው እሾሁ በሚበልጥበት በረሃማ የባሕር ዳርቻ፣ ዓሣ ማየት የሚወድ አንበሳ ነገሠ። መብላት አላልኩም፤ ማየት ነው ያልኩት። መቼም ንጉሥ ሆኖ አንድ አመል የማያጣ የለም። አንዱ ሲያገሳ ይውላል፣ ሌላው ሲተኛ ይውላል፤ ይህኛው ደግሞ በጥቋቁር ዐለቶች መካከል ካለች ኩሬ ዳር ተጋድሞ፣ ቀይና ቢጫ ዓሦች ወዲያ ወዲህ ሲሉ እያየ ልቡን ያሳርፍ ነበር።

የኩሬዋ ውሃ የባሕር ውሃ ነው። ድሮ አንድ ኃይለኛ ማዕበል ከነዓሦቿ ሞልቷት ሄደና በዚያው ቀረች። የዓሦቹ ቀላቢ ተብሎ የተሾመው ማን መሰላችሁ? ጅብ። እኔ ብሆን ጅብን በቀለብ ላይ አልሾምም ነበር፤ ግን እኔን ማን ጠየቀኝ። አያ ጅቦ የተራረፈ ሥጋና አንጀት ከጠዋት እስከ ማታ ኩሬዋ ውስጥ ይዘረግፋል። ለዓሦቹ አዝኖ አይደለም፤ እንዲወፍሩለት ነው። የወፈረውም ዓሣ በማግሥቱ ይጠፋል። «አሞራ ወሰደው ጃንሆይ» ይላል አያ ጅቦ፣ ከንፈሩን እየላሰ። ዓሦቹ በልተው የተረፋቸው ሥጋ እዚያው እየበሰበሰ፣ ውሃው አረንጓዴ ሆነ፣ ዐለቱም በዝልግልግ ነገር ተሸፈነ።

በዚያ አገር አንዲት አህያ ነበረች። ከጨው ሜዳ አሞሌ፣ ከምንጭ ውሃ እያመላለሰች የአንበሳን ቤት ታገለግላለች። «የንጉሥ ሸክም የተሸከመ ጀርባ አይነከስም» የሚል አዋጅ ስለነበረ ጅብ ባያት ቁጥር ምራቁን ይውጣል እንጂ አይነካትም። ባልም ነበራት። አንድ ማታ ጅብ ሲያላዝን ሰምቶ «መጣሁ» ብሎ ወጣ፤ እስከ ዛሬ አልመጣም። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የተባለው ያለ ነገር አይደለም። እንግዲህ አህያን ከጅብ የሚያስጥላት ያ ሸክሟ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ከባሕሩ አንዲት ትልቅ ኤሊ እንቁላሏን አሸዋ ውስጥ ልትቀብር ወጣች። አንበሳ እንግዳ ሲያይ ደስ ይለዋልና ወደ ኩሬዋ ወሰዳት።

«እንዴት አየሽው ኩሬዬን?» አላት፤ መመስገን ፈልጎ።

ኤሊ አንገቷን አውጥታ አረንጓዴውን ውሃ ቁልቁል አየች። ቶሎ አልመለሰችም። ኤሊ ምኑን ቶሎ ታውቀዋለች።

«ጃንሆይ፣ አይቆጡኝ» አለች በመጨረሻ። «ዓሦቹስ ያምራሉ። ግን ቤት የላቸውም፣ ጓዳ የላቸውም፤ ገበያ መሐል እንደቆመ ሰው ነው የሆኑት። እኛ ዘንድ ዓሣ የሚኖረው በድንጋይ አበባ ውስጥ ነው።»

«በምን?»

«በድንጋይ አበባ። ሲያዩት ድንጋይ ነው፤ ግን ነፍስ አለው። ይወለዳል፣ ያድጋል፣ ያብባል። እንደ እኔና እንደ እርስዎም ይበላል።»

ሊቃውንት መርጃን፣ የዛሬ ሰው ደግሞ ኮራል የሚለውን ነው የምትለው። ነገር ግን በዚያ በረሃ ይህን የሚያውቅ አልነበረምና ጅብ መሬት ላይ እየተንከባለለ ሳቀ።

«ድንጋይ ይበላል? ድንጋይ የበላ ዕለት እኔ እጾማለሁ!»

ይህን ቃሉን ያዙልኝ፤ ኋላ እንፈልገዋለን።

አንበሳ ግን አልሳቀም፤ ልቡ ተሰቅሏል። «ኩሬዬን እንደዚያ አድርጉልኝ» አለ። «ማን ይችላል?»

«እኔ!» አለ ጅብ። «እስከ ምሳ አደርሰዋለሁ።» አንድ ቋጥኝ ከዳገቱ አንከባሎ ኩሬዋ ውስጥ ዷ! አደረገው። ውሃው ተረጭቶ የንጉሡን ጎፈር አራሰው። ዓሦቹ ከድንጋጤያቸው የተነሣ ለረጅም ጊዜ አልታዩም። ቋጥኙም አላበበም።

አንበሳ ጎፈሩን እያራገፈ ሳለ፣ ዳር ቆማ ስታይ የነበረችው ቀበሮ ወደ ጅብ ጆሮ ጠጋ ብላ አንድ ነገር ሹክ አለችው፤ «የአህያ ኩላሊት የኔ ነው፣ ሌላው ያንተ» ነው ያለችው። ከዚያ ወደ አንበሳ ዞራ ለጥ ብላ እጅ ነሣች።

«ጃንሆይ፣ ይህ የትዕግሥት ሥራ ነው። ትዕግሥት ደግሞ ከእመት አህያ በላይ ለማን ተሰጥቷል? እሷ ትሥራው። ብቻ፣ የንጉሥን ሥራ ያበላሸ ጀርባ የንጉሥን ሸክም ሊሸከም አይገባም። ካልሆነላት ከሸክሙ ትሰናበት።»

የአህያ ሁለት ጆሮዎች ወደቁ። ከሸክም መሰናበት ምን ማለት እንደሆነ ከሷ ይበልጥ ማን ያውቃል? አንበሳ ግን ሐሩሩ በርትቶበት ወደ ደጋ ለመውጣት ቸኩሏል፤ አሳቡም ያለው አበባው ላይ ነው።

«መልካም» አለ። «ነፋሱ ሲቀዘቅዝ እመለሳለሁ። ያን ጊዜ እዚህች ኩሬ ውስጥ ድንጋይ ሲበላ አሳዩኝ። ወይ ድንጋዩ ይበላል፣ ወይ ጅቡ ይበላል።»

ጅብ ይህን ሲሰማ ከደስታው የተነሣ ምራቁን መዋጥ ረሳ።

አህያ ያን ቀን አላለቀሰችም፤ ለማልቀስ ጊዜ አልነበራትም። ኤሊ ወደ ባሕሯ ልትገባ ስትል ከኋላዋ ደረሰችባት።

«እመት ኤሊ፣ ነፍሴን አደራ። ምን ላድርግ?»

ኤሊ ቆመች። «የድንጋይ አበባ የሚጠይቀው ጥቂት ነው» አለቻት። «ንጹሕ ውሃ፣ የፀሐይ ብርሃን፣ ደግሞ ዝም ብሎ የማይተኛ ውሃ። በቆመ ውሃ ውስጥ ይታፈናል። ማዕበል የሰበረውን ቅንጣቢ እኔ አመጣልሻለሁ፤ ከቆመው ግን አልቆርጥልሽም። ብቻ ልጄ፣ ቤቱን ሳታጸጂ እንግዳ አትጥሪ። ይህ ነገር በችኮላ ይሞታል እንጂ በመዘግየት ሞቶ አያውቅም።»

አህያ ሥራዋን ከዚያው ጀመረች። የጅብን ቋጥኝ በደረቷ እየገፋች አወጣች። ዝልግልጉን በኮቴዋ ፋቀች። ከባሕሩ ዳር የባሕር ቀንድ አውጣዎች ለቃቅማ አስገባች፤ እነሱም ዐለቱን እየላሱ የቀረውን አጸዱላት። ጠዋትና ማታ ኩሬዋ ውስጥ እስከ ጉልበቷ ገብታ ውሃው እንዳይተኛ ጭራዋን ወዲያ ወዲህ ታማታለች። ዓሦቹ መጀመሪያ ፈርተው ሸሹ፤ ኋላ ግን ለመዱትና በጭራዋ ጸጉር መካከል ይሽሎከለኩ ጀመር።

ከባዱ ጣጣ ጅብ ነበር። እሷ ስታጸዳ እሱ ሥጋውን ይዞ ይመጣል።

«አያ ጅቦ» አለችው አንድ ጠዋት፣ «ይህን ያህል አትጣልባቸው፤ ውሃው ይበላሻል።»

«እንዴ! ዓሦቹን በረሃብ ልትፈጂያቸው ነው?»

«በልተው የማይጨርሱትን ነው እያልኩህ ያለሁት። የሚጨርሱትንስ ስጣቸው።»

«በልቶ የማይጨርስ ደግሞ አለ?» አለ ጅብ። እውነቱን ነው፤ እንዲህ ያለ ፍጡር አይቶ አያውቅም።

እሷም ብልሃት ፈጠረች። «ይህ ሁሉ ሥጋ ኩሬ ውስጥ ከሚበሰብስ አንተ ብትበላው ምን አለበት?» አለችው። ጅብ ይህ እስከ ዛሬ እንዴት እንዳልታየው ገርሞት ቆመ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለዓሦቹ ቁራሽ ይጥልና ሌላውን እዚያው ዳር ላይ ያጋብሰው ጀመር። ውሃው ቀስ በቀስ ጠራ። የኩሬዋ ሥር ታየ።

ውሃው ሲጠራ ግን አህያ ቸኮለች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሷ መልቀምም አልቻለችም። ኤሊ ያመጣችላትን የመጀመሪያ ቅንጣቢ፣ ቡናማ ቀንድ የመሰለውን፣ ወዲያው ዐለቱ ላይ ተከለችው። በረሃ ነውና ፀሐዩ ውሃውን በየቀኑ ይጠጣዋል፤ ኩሬዋ ትጎድላለች። አህያ ደግሞ የጎደለውን ለመሙላት ከባሕሩ እየቀዳች ታፈሳለች። አልፋ ተርፋ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ጨው ስትጭን የኖረች ናትና፣ «የባሕር ነገር ጨው ሳይወድ አይቀርም» ብላ አንድ አሞሌ ፈቅፍቃ ጨመረችበት። ለእንግዳ ያላትን ሰጥታ ነው፤ ክፋት የለበትም።

ጥቂት ቆይቶ ቅንጣቢው ነጣ። ዓሦቹም አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው ያለከልኩ ጀመር። አንድ ጠዋት አህያ ስትመጣ የተከለችው ነገር እንደ አሮጌ አጥንት ነጭ ሆኖ ጠበቃት። ጅብም ከኋላዋ ደርሶ አየው።

«አጥንት!» አለና ዘልሎ ነቅሎ ከረጨም ከረጨም አድርጎ በላው። «ጨው ነስንሰሽ ያዘጋጀሽው ነው እንዴ? ደግ አደረግሽ። ሌላም ካለሽ አትሠስቺብኝ።» ሆዱን እያሻሸ ሄደ።

አህያ አሸዋው ላይ ተኛች። ከዚያ ወዲያ ያለውን ዕጣዋን አየችው። የጅብን ጥርስ፣ ኩላሊቷን የምትጠብቀውን ቀበሮ፣ ሁሉንም አየችው። አፍንጫዋ ላይ የደረቀውን የኩሬ ውሃ ሳታውቀው ላስ አደረገች። ፊቷ ተኮማተረ። ባሕር እንዲህ አይመርም። ይሄስ የጨው ሜዳው ውሃ ነው። ወዲያው ትዝ አላት። በጨው ሜዳው ላይ ውሃ ይተኛል፣ ፀሐይ ይወጣል፣ ውሃው ይሄዳል፤ ጨው ግን የትም አይሄድም፣ እዚያው ይቀራል። አሞሌ የሚወጣው ከዚያ አይደል? ዕድሜዋን በሙሉ ተሸክማው የኖረችውን ነገር አላሰበችውም ነበር። ከኩሬዋ የጎደለው ውሃ ብቻ ነው፤ እሷ ደግሞ በጨው ላይ ጨው ስትጨምር ሰንብታለች።

ከአሸዋው ላይ ተነሥታ ከምንጩ ጨው የሌለው ውሃ አመጣች። በአንድ ጊዜ አላፈሰሰችውም፤ አሁን ችኮላ ምን እንደሚያመጣ ገብቷታል። ዛሬ ጥቂት፣ ነገ ጥቂት እያለች፣ እየቀመሰች፣ ኩሬዋን ወደ ባሕር ጣዕም መለሰቻት። ዓሦቹ ማለክለካቸውን ተዉ።

ኤሊም ዳግመኛ መጣች። አህያ ኃፍረት ይዟት አንገቷን ደፋች።

«ገደልኩት» አለች።

«እኔም ስንት እንቁላል ቀብሬ ስንቱ ፈለፈለ መሰለሽ?» አለች ኤሊ። «ይኸው ሌላ። ይህኛው ጠንካራ ነው፤ ጫፉን ግን በባዶ ቆዳሽ አትንኪው።»

ይህኛው ቅንጣቢ ቢጫ ነበር፤ እንደ አጋዘን ቀንድ ቅርንጫፍ ያለው፣ ጫፍ ጫፉ ነጭ። አህያ በባሕር ሣር ጠቅልላ በጥርሷ ይዛ፣ ፀሐይ በደንብ በሚያገኘው ዐለት ላይ አስቀመጠችው። ወዲያው አንድ መንቁራም ዓሣ፣ ከኩሬዋ ሁሉ የወፈረው፣ መጥቶ ሊቀጠቅጠው ጀመረ። ድንጋይ ቆርጥሞ የሚኖር ዓሣ ነው። አህያ በእርኮት ውሃ ቀድታ ዓሣውን ከነውሃው ይዛ ወደ ሰፊው ባሕር ወሰደችው፤ እዚያ የሚቆረጥመው አያጣም። ጅብ ይህን ሲሰማ ግን አለቀሰ። ያን ዓሣ ለበዓል ነበር ያቆየው።

ከዚያ በኋላ ሥራው መጠበቅ ሆነ። አህያ ውሃ ታመጣለች፣ ጭራዋን ታማታለች፣ ትቀምሳለች፣ ትጠብቃለች። ድንጋዩ ቀን ቀን ድንጋይ ነው። አንድ ቀን ግን ጀምበር ስታዘቀዝቅ ጎንበስ ብላ ብታየው፣ በገላው ሁሉ ላይ ጸጉር የመሰሉ ስስ ጣቶች ወጥተው ውሃውን ይዳብሳሉ። አንዲት ዐይን የማትሞላ የባሕር ትል በአጠገቡ ስታልፍ ጣቶቹ ያዟትና ወደ ውስጥ ሳቧት። አህያን ማናፋት አማራት፤ ግን እንዳታስደነግጠው ብላ ዋጠችው።

ያየችው እሷ ብቻ አልነበረችም። ከዐለቱ ጀርባ ቀበሮ ተጋድማ ነበር። እመት ቀበሮ ነገሩ ገባት፤ ይህ ድንጋይ የሚበላው ሲመሽ ነው። ጭራዋን ጠቅልላ እያሰበች ሄደች።

ነፋሱ ቀዝቅዞ አንበሳ ከደጋ ተመለሰ። ቀበሮ መንገድ ላይ ጠብቃ ተቀበለችውና፣ «ጃንሆይ፣ እመት አህያ በቀትር እንዲያዩላት ለምናለች» አለችው። አህያ ምንም አልለመነችም። ስለዚህ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን አራዊቱ ሁሉ ኩሬዋን ከበቡ። ውሃው እንደ መስተዋት ጠርቷል፤ ዐለቱ ላይ ቢጫው ድንጋይ ትከሻ አውጥቶ ቆሟል። ከተተከለበት ቀን ይልቅ በብዙ አድጓል። ዓሦቹም በቅርንጫፎቹ መካከል ይገባሉ ይወጣሉ። አንበሳ አየና ደስ አለው። ሆኖም ቃል ቃል ነው።

«ያምራል» አለ። «ግን ይበላል ወይ?»

አህያ ጎንበስ ብላ አየች። ጣቶቹ የሉም፤ ድንጋዩ ተዘግቷል። 

«ጃንሆይ፣ በቀን አይከፈትም» አለች። «ጀምበር እስክታዘቀዝቅ ቢታገሱኝ...»

«ሰማችሁ?» አለች ቀበሮ፣ ወደ አራዊቱ ዞራ። «ሹም ነበር ንጉሥን ደጅ የሚጠናው። ዛሬ ንጉሥ ድንጋይን ደጅ ይጥና ነው የምትለው። ‹ጌታ ድንጋይ ተኝተዋል፣ ማታ ይምጡ› ልትለን ነው?»

አራዊቱ ሳቁ። አንበሳ አልሳቀም፤ ግን ጎፈሩ ቆመ። መሳቂያ መሆን የማይወድ ንጉሥ አደገኛ ነው።  ጅብ ወደ ፊት ወጣ።

«ጃንሆይ፣ እኔ እመሰክራለሁ» አለ። «ይህች አህያ ዓሦቹን ቀለብ አሳጣች። ያንን የሰባ ዓሣ አሳልፋ ለባሕር ሰጠች። እዚህ የተከለችውም አበባ አይደለም። አጥንት ነው። ያለፈውን ራሴ በልቼዋለሁ፤ ጨው ጨው ይል ነበር። የሚበላው እኔ እንጂ እሱ አይደለም።»

«አያ ጅቦ፣ በቃህ፣ ተመለስ» አለች ቀበሮ በጥርሷ መካከል። ነገሩ አልቆላት ነበርና።

ጅብ ግን ነጫጭ ጫፎቹን አየ። አጥንት ያየ ጅብ ምክር አይሰማም። «ላሳያችሁ!» አለና አንገቱን ውሃው ውስጥ አስገብቶ የድንጋዩን ጫፍ በምላሱ ጠቅልሎ ነከሰው።

 ወዲያው ውሃ እየረጨ ወጣ። ዐይኑ ፈጧል፣ ምላሱ ተዘርግቷል።

«በላኝ!» አለ። «ኧረ በላኝ! ምላሴን በላኝ!»

አህያ ሁለት ጆሮዎቿን ቀጥ አደረገች።

አንበሳ ወደ ፊት ጎንበስ አለ። «ምን አልክ?»

«በላኝ ጃንሆይ! ኧረ በጣም በላኝ!»

«ማን ነው የበላህ?»

«ይሄ ድንጋይ ነዋ!»

ቀበሮ በጎኑ ጎሰመችው። «አያ ጅቦ፣ ‹አሳከከኝ› በል፣ ‹አሳከከኝ› በል!»

«ምን አሳከከኝ ትይኛለሽ!» ብሎ ጮኸባት። «እየበላኝ ነው የምልሽ! ይኸው አሁንም እየበላኝ ነው!»

በዚህ ጊዜ መጀመሪያ የሳቀው አንበሳ ነበር። ሳቁ ዐለቱን አናወጠው። አራዊቱም ተከተሉት፤ ዝንጀሮ ሆዱን ይዞ ተንከባለለ። አህያ አልሳቀችም፤ እንባዋ በአፍንጫዋ ላይ እየወረደ ወደ ኩሬዋ ትመለከት ነበር። የተሰበረችው አንዲት ጫፍ ብቻ ናት።

አንበሳ ሳቁን ገታና ተነሥቶ ቆመ። «የተባለው፣ ‹ወይ ድንጋዩ ይበላል፣ ወይ ጅቡ ይበላል› ነበር። ከሳሹ ራሱ ተበላሁ ብሎ መሰከረ። ከተበላው የበለጠ ምስክር ከየት ይመጣል?»

«ጃንሆይ፣ መብላት ሌላ፣ ማሳከክ ሌላ» አለች ቀበሮ።

«እሱን ለአያ ጅቦ ምላስ ንገሪው» አለ አንበሳ። «ደግሞም የነፍስ ነገር ነው፤ በዐይኔ ሳላይ አልሄድም። ዛሬ ንጉሥ ድንጋይን ደጅ ይጠናል።»

እንዳለውም ተጋደመ። አራዊቱም ማንም ሳይሄድ ቁጭ አሉ። ጥላው ረዘመ፣ ጀምበር ወደ ተራራው ተጠጋች፣ ውሃው ወርቅማ ሆነ። አህያ ኩሬዋ ውስጥ ገብታ እንደ ልማዷ ጭራዋን ቀስ አድርጋ አማታች። ያን ጊዜ ድንጋዩ ተከፈተ። መጀመሪያ አንድ ቅርንጫፍ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሁሉም። ስስ ጣቶቹ ወጥተው በውሃው እንቅስቃሴ ተወዛወዙ፤ የሚያልፈውን ትናንሽ ነገር እየያዙ ወደ ውስጥ ሳቡ። አንበሳ አፍንጫው ውሃውን እስኪነካ ድረስ ጎንበስ ብሎ አየ።  ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ይበላል» አለ። «ይህን ሁሉ ዘመን ድንጋይ እያልኩ ስረግጠው የኖርኩት ምን ምን ይሆን? እመት አህያ፣ የምትፈልጊውን ጠይቂኝ።»

አህያ ከውሃው ወጣች። ይህን ጥያቄ ለብዙ ጊዜ በልቧ ይዛው ኖራለች።

«ጃንሆይ፣ አዋጁ ‹የንጉሥ ሸክም የተሸከመ ጀርባ አይነከስም› ይላል። ሸክሙ ከላዬ የወረደ ዕለት የጅብ ነኝ ማለት ነው። አዋጁን ከሸክሙ ላይ አንሥተው ጀርባዬ ላይ ያድርጉልኝ። ብሸከምም ባልሸከምም አልነከስ።»

«ይሁን» አለ አንበሳ፤ እግሩንም መሬት ላይ መታ፣ አዋጅ ሆነ። ከዚያ ወደ ጅብ ዞረ። «አንተ ደግሞ ‹ድንጋይ የበላ ዕለት እጾማለሁ› ብለህ ነበር። ቃልህን ጠብቅ።»

ጅብ ቃሉን ባይጠብቅም ምላሱ ስላበጠ ጾሙን ምላሱ ጠበቀለት። ምላሱ ሲሻለውም ሌላ ሹመት ጠበቀው፤ እርኮት በጀርባው ተጭኖ ለኩሬዋ ከምንጭ ውሃ ማመላለስ። አህያ ከኋላው እየተከተለች፣ «ቀስ በል አያ ጅቦ፣ እንዳይደፋብህ» ትለዋለች። ቀበሮ ግን፣ «እኔ ከመጀመሪያውም ይበላል ብዬ ነበር» እያለች ትዞር ነበር፤ ማንም አልሰማት።

ኤሊም በሚቀጥለው ጊዜ እንቁላል ልትጥል ስትወጣ ኩሬዋን አየቻት። በአንድ ቅንጣቢ ፈንታ፣ ማዕበል ወደ ዳር ከጣለው አህያ እየለቀመች የተከለቻቸው ቢጫ፣ ሐምራዊና ቀይ ቅርንጫፎች ዐለቱን አልብሰውታል። ዓሦቹ ጓዳ ጓዳቸውን ይዘው ይወልዳሉ፤ ማንም «አሞራ ወሰደው» የሚል የለም። አህያ ከኩሬዋ ዳር ቆማ፣ ጀርባዋ ላይ ምንም ሳትሸከም፣ እስካሁን የዋጠችውን ሁሉ አውጥታ አናፋች። ያ ድምፅ በበረሃው ሁሉ ተሰማ፤ ባሏ እንኳ ሰምቶት ወደ ቤት መንገድ ጀምሯል ይባላል።

ከዚህ የምንማረው፣ ስሕተቱን አርሞ በትዕግሥት ለሚሠራ ሰው፣ ሥራውን ሊያፈርስበት የመጣ አፍ እንኳ ሳያውቀው እንደሚመሰክርለት ነው።